ቀዝቃዛ እግሬን ይዤ ወደ የጁቤ

አክስቴ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አያስተኙም። በዚያ የጥር ምሽትም ገና ከመግባቴ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አቀረቡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ከፊቴ በርከክ አሉ። «ኧረ እትዬ፣ ይተዉ፣ እኔው ልታጠብ» ብል ማን ሰምቶኝ። ቀኝ እግሬን ይዘው ወደ ውኃው ሊያስገቡ ሲሉ ግን እጃቸው ቀጥ አለ። ተረከዜን ዳሰሱ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጨበጡ።

«ምነው ልጄ፣ ይኼ እግር የወንዝ ድንጋይ ሆነሳ» አሉኝ። ቀና ሳይሉ ትንሽ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእናቴ እግር እንዲህ ነበር» አሉ።

የእሳቸው እናት የአባቴም እናት ናት። ስለዚያች አያቴ የሰማሁት ጥቂት ነው። ብርድ ገባት፣ አቅም አነሳት፣ ትንንሾቹን ልጆቿን ሳታሳድግ ሞተች። በቤታችን ከዚህ ሌላ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

እኔም ያንን እግር ይዤ ስንት በር አንኳኩቼ ነበር የመጣሁት። ሁለት ዓመት ደክሞኛል። ድካም ስል የሥራውን ማለቴ አይደለም፤ እሱን እንቅልፍ ያወጣዋል። የእኔው ከእንቅልፌ ጋር አብሮኝ የሚነሣ ነበር። አዲስ አበባ የምሠራበት ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ስልክ የማወራ መስዬ እቆማለሁ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ጣቶቼ በእኩለ ቀን ፀሐይ እንኳ አይሞቁም። ጥፍሬ ይሰባበራል፤ ጸጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ሐኪሙ ደሜን ሳያስመረምር «ጭንቀት ነው፤ እረፍት አድርጊ» ብሎ ቫይታሚን ጻፈልኝ። ከኋላዬ ኮሪደሩ ሞልቶ ስለነበር ብዙ አልፈርድበትም። ብቻ ጭንቀታም መሆኔን ራሴን አሳምኜ አንድ ዓመት ተኩል ኖርኩ።

ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ ወደ አንዲት ቻይናዊት ሐኪም ወሰደችኝ። የቻይና ሕክምና ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ቻይና የሐኪሞች ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መላክ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ሐኪሞቹም የሚመጡት ከሔናን ክፍለ ሀገር ነው። አቃቂ ቃሊቲ ያለው፣ በሯጯ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የሚጠራው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ከተሠራ ወዲህ ደግሞ አኩፓንክቸር የሚሉትን የመርፌ ሕክምና የቀመሰ ሰው በየሰፈሩ ይገኛል። እኔን ያየችኝ ግን በግሏ የምትሠራ ነበረች። ሦስት ጣቶቿን የእጄ አንጓ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። ግራውን ጨርሳ ወደ ቀኙ ተሻገረች። ምላሴን አውጪ አለችኝና እንደ መጽሐፍ አነበበችው። ሰው እንዲህ ጊዜ ወስዶ ሰውነቴን ሲያዳምጥ የመጀመሪያዬ ነበርና ዕንባዬ መጣ።

አስተርጓሚዋ ሃያ ዓመት ያልሞላው የሚመስል ልጅ ነው። በእሱ በኩል እንደነገረችኝ፣ በእነሱ ትምህርት ሰው በሁለት ነገር ይቆማል፤ በቺ እና በደም። ቺ የሚሉት እስትንፋስም ጉልበትም ነው፤ ደምን የሚነዳው እሱ ነው፤ ደም ደግሞ መልሶ ቺን ይመግባል። አንዱ ሲያንስ ሌላው ይቆማል፤ ያኔ ጣት ይቀዘቅዛል፣ ፊት ይገረጣል፣ ሰው ይዝላል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ከተጻፉት መጻሕፍታቸው ጀምሮ የወረደ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ማረከኝ። የኛም እናቶች «ደሜ ቆመ»፣ «ደሜ ቀዘቀዘ» ሲሉ ይህንኑ የሚሉ መሰለኝ።

ከዚያ ጥያቄ አስከተለች፤ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ላቤ። አንዱ ጥያቄ ላይ ልጁ ጉሮሮውን ጠረገና ግድግዳውን እያየ፣ «የወር አበባሽስ... ደኅና ነው ወይ ትላለች» አለኝ። እኔም ሌላውን ግድግዳ እያየሁ «ደኅና ነው» አልኩ። በዚያው ታለፈ።

መርፌዎቹ ከፀጉር ትንሽ ቢወፍሩ ነው፤ አያሙም። በእግሬና በሆዴ ላይ ተተክለው ሳሉ ሐኪሟ ሲጋራ የሚመስል የደረቀ ቅጠል ጥቅል ለኩሳ ጉልበቴ ሥር አስጠጋችው። ሽታው የማውቀው ነበር፤ ከየት እንደማውቀው ግን አልመጣልኝም። መጨረሻ ላይ ጀርባዬን አስገለበጠችኝና የብርጭቆ ዋንጫዎች ውስጥ እሳት ብልጭ እያደረገች ገለበጠችብኝ፤ ቆዳዬን ሳብ አድርገው ያዙት። «ይኼማ ዋግምት ነው» አልኩት ልጁን። «ምንድን ነው ዋግምት?» አለኝ። የከተማ ልጅ ነው።

ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሄድኩበት ቀን ሰውነቴ ይፍታታል፣ እንቅልፌ ይጣፍጣል። በሦስተኛው ቀን እግሬ መልሶ በረዶ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ፣ «ዋግምት ከሆነ የሚያስፈልግሽ አገርሽ አለልሽ፤ ሂጂ የጁቤ፣ ወደ እትዬ» አለኝ። እንዲህ ነው በ2011 ዓ.ም. ጥር አውቶቡስ የተሳፈርኩት።

ፍቼንና ገብረ ጉራቻን አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ መሬቱ አለቀ። ከዚያ እስከ ዓባይ መኪናው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል፤ ጋቢና ሹራብ ይወልቃል፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ያራግባሉ። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ስንሻገር ከአውቶቡሱ ሙሉ ሰው ጋቢዋን ያላወለቀችው እኔ ብቻ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሞጣ የሚሄዱ እናት «ልጄ፣ ወባ ነው?» አሉኝ። በዚያ ሸለቆ ውስጥ የበረደውን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው፤ ትክክልም ናቸው። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የቀኙ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል፣ የግራው በሉማሜ በኩል ደብረ ማርቆስ። እሳቸው ወደ ቀኙ ሊሳፈሩ ወረዱ፤ ሲወርዱም ለእግሬ የሚሆን ቅባኑግ እንድገዛ አደራ አሉኝ።

ደብረ ማርቆስ፣ የጥንቷ መንቆረር፣ ለእኔ የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ አገር ናት። የተወለዱበት እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት እዚያው አካባቢ ነው። እንዶዳም! አገሬው ልብሱን በሚያጥብበት ቁጥቋጦ፣ በእንዶድ የተሰየመ ቦታ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድሩት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶቹ ስንት ዘመን ያጠቡበትን ተክል እሳቸው «ይኼ ውኃው ውስጥ ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የስቶክሆልሙን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙበት።

ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩም ያደረገችው ይህንኑ ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን ጌ ሆንግ የተባለ ሰው ስለ አንድ የትኩሳት ቅጠል የጻፈውን ስታነብ፣ ቅጠሉ በውኃ ተነክሮ ይጨመቃል እንጂ ይፈላል እንደማይል አስተዋለች፤ እሳቱ መድኃኒቱን እያጠፋው እንደሆነ ጠረጠረች። በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው። አርቴሚሲኒን እንዲህ ተገኘ፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ኢትዮጵያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወባ የምትሰጠው ኮአርተም ከዚያ ቅጠል የመጣ ነው። የጁቤ ከተማዋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብትሆንም፣ የባሶ ሊበን ወረዳ እስከ ዓባይ ቆላ ይወርዳል፤ እዚያ ታች ያለ ገበሬ ልጁ ሲያተኩሰው የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ስለ ቻይና ባህላዊ ሕክምና ሲነሣ እኔ ከመርፌው ይልቅ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው፤ ያረጀ መጽሐፍ ላይ አዲስ ጥያቄ የጠየቀች ሴት።

የጁቤ ከማርቆስ በስተደቡብ ነው። ከመናኸሪያው ተጨናንቀን ተሳፍረን በገበያ ሰዓት ደረስን። የአክስቴ ልጅ ልትቀበለኝ ገበያው ጥግ ቆማለች። ስለ እግር ሳስብ ስለመጣሁ ነው መሰለኝ ዓይኔ ከእግር አልነቀል አለ። ከጤፍ ተራው አጠገብ አንድ ሰውዬ ሁለት እግራቸው እንደ ግንድ አብጦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጠዋል። ዝሆኔ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ይህ በሽታ ከጠናባቸው አገሮች አንዱ ነው። ዘር ነው፣ እርግማን ነው እየተባለ ስንቱ ሰው ሳያገባ ቀርቷል! በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው ግን ቀይ አፈሩ ነው፤ በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ደቃቁ ማዕድን በቆዳ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ መመለሻ ሥሮች ይዘጋል። ጫማ፣ ሳሙናና ውኃ፣ ፋሻ፣ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፤ ሕክምናው ይኸው ነው። የአክስቴ ልጅ ቆም ብላ ሰውዬውን «እግርዎን አጠቡት ወይ አባቴ?» ብላ ጠየቀች። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ዋግምት የሚያግሙ ሽማግሌ አስጠሩ። ጫፉ የተቆረጠና የተበሳ የላም ቀንድ፣ ጥቂት ሰምና ምላጭ በአገልግል ይዘው መጡ። መጀመሪያ አክስቴ ቀረቡ፤ ትከሻቸውን ስለሚይዛቸው በየጊዜው ይታገማሉ። ቀንዱ ትከሻቸው ላይ ተደፋ፤ ሽማግሌው በቀዳዳው አየሩን መጥተው በምላሳቸው ጫፍ ሰሙን ደፈኑበት። ቆዳው ሲነፋ ቀንዱን አንሥተው በምላጭ ጫር ጫር አደረጉና መልሰው ደፉት። የወጣው ደም ጥቁርና የረጋ ነው። «አየሽ፣ ይኼ ነው የሚይዘኝ» አሉኝ አክስቴ፤ ፊታቸው ተፈትቷል። እፎይታቸውን አይቻለሁ፤ ውሸት ነው የሚለኝ ቢኖር አልቀበልም። ግን ያ ደም የጠቆረው ከሰውነት ወጥቶ ስለረጋ ነው፤ የማንኛችንም ደም እንዲያ ይሆናል።

ተራው የእኔ ሆነ። ሽማግሌው እጄን ይዘው፣ «ደሟ ረግቷል፤ ይውጣና ይለፍላት» አሉ። ነጠላዬን ከትከሻዬ ዝቅ አደረግሁ። በዚህ መሐል የአክስቴ ልጅ ከደጅ ገባች፤ ምላጩን አየች፤ እኔን አየች። ቀጥ ብላ መጥታ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳበችው።

«አባቴ፣ ይህችንስ እንዳይነኩብኝ።»

«ምነው?»

«ይዩት እስቲ። ነጭ ነው።»

ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩ። አልተከራከሩም። ቀንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ አገልግሉ መለሱ። እሷ ግን አላበቃችም፤ አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው ስለመጠቀም፣ ደም በአፍ አጠገብ ስለማሳለፍ፣ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ በዚያ እንዴት እንደሚሻገር በትሕትና ግን ሳትሸሽግ ነገረቻቸው። ብዙ ጊዜ የነገረቻቸው መሆኑ ያስታውቃል።

ከዚያ «ነይ እታለም፣ ጤና አዳም እንቁረጥ» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ጤና አዳሙ ከአጥሩ ሥር ነው፤ ከጎኑ ዳማከሴ፤ ወደ ጥግ ደግሞ ግራጫ ቅጠል ያለው ጭቁኝ ቆሟል። በጣቴ አሸት አድርጌ ሳሸተው ያ የቻይናዊቷ ክፍል ጢስ ፊቴ ድቅን አለ። ለካ አንድ ቤተሰብ ናቸው! ጭቁኝም፣ እነሱ የሚያጨሱት ቅጠልም፣ ቱ ዩዩ የጨመቀችውም ሦስቱም አርቴሚሲያ ናቸው። ይህን ልነግራት ዞር ስል እሷ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቅጠሉ እያየች ነው።

«እታለም፣ ደም ይበዛብሻል?»

ቻይናዊቷም ይህንኑ ነበር የጠየቀችኝ። እዚህ ግን ያፈረ ወጣት አልነበረም፤ ሰዓት የሚያይ አልነበረም፤ ቅጠሉ እየሸተተ ሁለት ሴቶች ጓሮ ቆመናል። ሁሉንም ተናገርኩ። ስምንት ዘጠኝ ቀን እንደሚቆይ፣ ሦስቱን ቀን ከቤት እንደማልርቅ፣ ሌሊት ጨርቅ ለመቀየር እንደምነሣ፣ ይህ ከጀመረ ሦስት ዓመት እንዳለፈው። «ለሐኪም ነግረሻል?» አለችኝ። አልነገርኩም። ሴት ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደን ከጣቴ ደም ተወሰደ። ሄሞግሎቢኔ 7.8 ነው። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው፤ ከ8 በታች ደግሞ ከባድ ይባላል። ደጋ መኖር ደም ያበዛል ሲባል እሰማ ነበር። እውነትነቱ ለሁሉም ሕዝብ እኩል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የስሜን ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ደጋው ቢጨምርልኝም ባይጨምርልኝም 7.8 የትም አገር 7.8 ነው። ልቤ ደረጃው መሐል ይደልቅ የነበረው ያችኑ ጥቂት ደም ደጋግሞ ለማዳረስ ነው። እግሬ የቀዘቀዘውም ሰውነቴ ያለውን ለልብና ለአንጎል ስለሚያስቀድም ነው።

እኔ ደግሞ ከዚያው ላይ ላስወጣ ትከሻዬን አዘጋጅቼ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። ሰው ሲደክመውና ሲበርደው «ደሙ ረግቷል» ብሎ መቅዳት የሚቻለው የደከመበትን ምክንያት ያወቀ ሲመስለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት ከመቶ 24ቱ፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ ከመቶ 57ቱ ደም ያነሳቸው ናቸው። አንዷን ወባ፣ ሌላዋን በባዶ እግሯ የገባ የአንጀት ትል፣ ሌላዋን ተከታትሎ መውለድ፣ ሌላዋን እንደ እኔ በየወሩ ዝም ብላ የምታፈሰው ያደክማታል። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም አንድ ድካም ነው። ቺ አነሰ ብንለውም ብርድ ገባት ብንለውም፣ ስሙ ብቻውን የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አይነግረንም።

የመርፌውን ነገር አልጥልም። ለቆየ የወገብና የጉልበት ሕመም እንደሚያግዝ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ እንቅልፌንም መልሶልኝ ነበር። የሚፈስ ደም ግን በመርፌ አይሞላም። ቻይናዊቷ ደም ይሞላል ብላ የሰጠችኝ ዳንግ ጉዊ የተባለ ሥር ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው መድማትን ሊያባብስ ይችላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ለመክሳት የቻይና ዕፅ የወሰዱ ሴቶች አሪስቶሎኪያ የሚባል ተክል ተቀላቅሎባቸው ኩላሊታቸው ጠፍቷል። የኛም ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ የዓይን ብርሃን ይነሣል። ቅጠል ሁሉ ገር አይደለም።

አዲስ አበባ ተመልሼ በአልትራሳውንድ ስታይ ማህፀኔ ውስጥ ማዮማ የሚባል እጢ ተገኘ፤ በቀዶ ጥገና ወጣ። ብረት ያለበትን ክኒን ለወራት ዋጥኩ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ባዘዘችኝ መሠረት ክኒኑን በሎሚ ውኃ እወስዳለሁ፤ ቡና ከምግብ በኋላ ወዲያው አልጠጣም፤ ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋልና። ጤፍ በብረት የታወቀ ነው፤ ከፊሉ ግን በሬ ሲያበራየው ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነትም የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ጾመኛ ሰው ሽሮው ላይ ሎሚ ቢጨምቅ፣ ቃሪያ ቢያደርግ ይጠቅመዋል። በአራተኛው ወር ሦስተኛ ፎቅ ስልክ ሳላወራ ወጣሁ።

የጁቤን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ መንገዱ ስላስቸገረ የምንገናኘው ስልኩ ሲሠራ ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ ዛሬም ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ሴቶቹን ወደ ጓሮ እየወሰደች እንደምትጠይቅ ነግራኛለች።

ከጤና ጣቢያ የተመለስን ዕለት ማታ አክስቴ እንደገና ገበቴውን አቀረቡ። የተባለውን ልጃቸው ስታስረዳቸው እግሬን ይዘው ዝም ብለው ሰሙ። ቡናው ፈልቶ ወርዶ ነበር፤ ከምግብ በኋላ ቡና ሳልጠጣ እንድቆይ መታዘዜን ስለሰሙ ለራሳቸውም አልቀዱም።

«እናቴ ልብሷን ሌሊት ነበር የምታጥበው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ገና ልጅ ነኝ። ሰው ሲተኛ እንስራዋን ይዛ ወንዝ ትወርዳለች። ለምን ቀን አታጥቢም ስላት ትቆጣኛለች። ስትመለስ ከጎኔ ትገባለች፤ እግሯ ሲነካኝ እባንናለሁ።»

ውኃውን በእፍኛቸው አፈሰሱልኝ።

«ከወንዙ ይመስለኝ ነበር» አሉ።